አሥራ አንድ ነጥብ

ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሲነፋ አዳራሹ ሙሉ በአንድ ጊዜ ብድግ አለ። ሦስት መቶ ተማሪ፣ መምህራኑ፣ የጽዳት ሠራተኞቹና በሩን ጥለው የገቡት ሽማግሌው ዘበኛ አጠገባቸው ያገኙትን ሁሉ ማቀፍ ጀመሩ። ውጤቱ አንድ ለአንድ ነው። ብሔራዊ ቡድናቸው ከምድቡ ኃያል ጋር አቻ ወጥቶ ወደ አህጉሩ ዋንጫ ማለፉ ነው፤ እነዚህ ልጆች ከተወለዱ ወዲህ ታይቶ የማያውቅ ነገር። ከመቀመጫዋ ያልተነሣችው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። ጉልበቷ ላይ በተቀመጠ ወረቀት ላይ አፍጥጣለች፤ ፊቷ ደም መስሏል።

ይህችን ልጅ ትምህርት ቤቱ በሙሉ «ሰንጠረዥ» ይላታል። የመዝገብ ስሟን የሚያስታውሱት እናቷና ስም ጠሪው መምህር ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ማጣሪያው ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ በአዳራሹ ትልቅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ውጤት የምትጽፈው፣ ነጥብ የምትደምረው፣ «አሁን ምን ያስፈልገናል?» ለሚል ሁሉ መልስ የምትሰጠው እሷ ናት። ምክትል ርዕሰ መምህሯ እንኳ ጠዋት ጠዋት ቆም ብለው ያነቡላታል። ዛሬ አቻ ይበቃናል ብላ ያወጀችውም እሷው ናት።

ሰንጠረዥ ኳስ መትታ አታውቅም ማለት ይቻላል። ልቧን የወሰደው ይህ ማጣሪያ የሚሉት ነገር ራሱ ነው። ሠላሳ ሁለት አገሮች በስምንት ምድብ ይከፈላሉ። እያንዳንዱ ቡድን ከምድቡ ሦስት ቡድኖች ጋር አንዴ በሜዳው፣ አንዴ በሰው ሜዳ ይገጥማል። የየምድቡ አንደኞች በቀጥታ ያልፋሉ፤ ከስምንቱ ሁለተኞች ደግሞ የተሻሉት አራቱ ይከተሏቸዋል። ሲናገሩት ቀላል ነው። ግን ጠመኔ ይዛ ሰሌዳው ፊት ስትቆም፣ ስሟን እንኳ አስተካክላ በማትጠራት ከተማ የሚኖር አንድ ተከላካይ ኳስ ሲያመልጠው እዚህ እሷ እጅ ላይ አንድ ቁጥር ይለወጣል። በዚያ ቁጥር ምክንያት ደግሞ የክፍል ጓደኞቿ ቀኑን ሙሉ ይፈነጥዛሉ ወይም ያኮርፋሉ። ይህን ስታስብ አንዳንዴ ጠመኔው እጇ ላይ ይከብዳታል።

ወረቀቱን ያመጣችው «ቀስታ» ናት። ቀስታ ከአንደኛ ክፍል ጀምራ የሰንጠረዥ የልብ ጓደኛ ነበረች። ድምፅዋ ከመቀመጫ ወደ መቀመጫ ለመድረስ ስለሚቸገር ነው ስሙ የወጣላት። ጨዋታው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ከኋላ መጥታ፣ የውድድሩን ደንብ ሁለተኛ ገጽ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣላት ሄደች። አንድ አንቀጽ በእርሳስ ተሰምሮበታል፤ በአንዱ ምድብ ያሉት ቡድኖች ሦስት ብቻ ከሆኑ፣ ሁለተኞቹ ሲወዳደሩ በሌሎቹ ምድቦች ከመጨረሻው ቡድን ጋር የተገኘ ውጤት አይቆጠርም ይላል።

ሰንጠረዥ ሦስት ጊዜ አነበበችው። በሰባተኛው ምድብ አንድ አገር ገና ከመጀመሩ በፊት ራሱን አግልሎ ነበር። ስለዚህ የዚያ ምድብ ሁለተኛ የተጫወተው አራት ጨዋታ፣ ያለው ነጥብ ስድስት ነው። የሌሎቹ ሁለተኞች ነጥብ በዚሁ ደንብ ሲቀነስ፣ የቀረችው አንዲት ቦታ የእሱ ወይም የእነሱ ናት። እሷ የእነሱን አሥራ አንድ ከዚያ ስድስት ጋር አወዳድራ «ምኑ ይወዳደራል?» ብላ ነበር የዘጋችው፤ አቻ ያስፈለጋቸውም አሥር ነጥብ ያለውን የሌላ ምድብ ሁለተኛ ለመብለጥ መስሏት ነበር። አሁን ግን ከምድባቸው መጨረሻ ከተቀመጡት፣ ተማሪው «ደሴተኞቹ» ከሚላቸው ትንሽ ቡድን ሁለት ጊዜ አሸንፈው ያገኙት ስድስት ነጥብ መቀነስ አለበት። አሥራ አንድ ሲቀነስ ስድስት፣ አምስት። አምስት ከስድስት ያንሳል። አላለፉም።

ይባስ ብሎ ደግሞ ቀስታ ከሁለት ሳምንት በፊት ይህንኑ ጠይቃት ነበር። ሰሌዳው ሥር ሃያ የሚሆኑ ልጆች ከበዋት ሳለ፣ እነሱ ስድስት ጨዋታ ተጫውተው ሰባተኛው ምድብ አራት ከተጫወተ እንዴት ነው የሚወዳደሩት ብላ በዚያች ቀጭን ድምፅዋ ጠየቀች። ሰንጠረዥ መልሱን አታውቀውም ነበር። አላውቅም ማለት ሞት መሰላት። «መደመር ያቃተው ሰው ነው ደንብ የሚያበዛው» አለቻት። ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከመካከላቸው «ድምፅ ማጉያ» የሚባለው፣ በአፉ የሚታወቅ ልጅ፣ አባባሏን ሳምንቱን ሙሉ ቀስታ በተቃረበች ቁጥር ሲደጋግመው ከረመ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀስታ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልሰጠቻትም።

አሁን በፕሮጀክተሩ ትልቅ ምስል ላይ ተጫዋቾቹ ማልያቸውን አውልቀው እያውለበለቡ ሜዳውን ይዞራሉ። የቴሌቪዥኑ ተናጋሪ ከጩኸት ብዛት ድምፁ ተዘግቶ እንኳን ደስ አላችሁ ይላል። ምክትል ርዕሰ መምህሯ ጫማቸውን አውልቀው ይጨፍራሉ። ሽማግሌው ዘበኛ ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ያለቅሳሉ። ሰንጠረዥ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ማታ በዜና ሲሰማ ሰው ሁሉ ቴሌቪዥኑን ይረግማል እንጂ እሷን አይደለም፤ ቀስታም ብትሆን አፏን ሞልታ የምትከስ ልጅ አይደለችም። ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ መክተት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። እውነቱን ለመናገር፣ አጣጥፋውም ነበር።

ድምፅ ማጉያ በወንበሮቹ ላይ እየዘለለ መጥቶ ጠመኔ እጇ ላይ አስጨበጣት። «በይ ውጪ! በትልቁ ‹አልፈናል› ብለሽ ጻፊልን» አላት። ልጆቹ እጅ በእጅ እየተቀባበሉ ወደ ሰሌዳው ገፏት፤ አዳራሹ ቅጽል ስሟን እየጠራ ያጨበጭባል። ከዚያ ሁሉ ፊት መካከል ቀስታን ፈለገች። ከግድግዳው ተደግፋ ቆማለች፤ አታጨበጭብም፣ አትሥቅም፣ በቁጣም አታያትም። የምታያት ሰንጠረዥ የምታደርገውን ለማየት ብቻ ነበር።

ሰንጠረዥ ዳስተሩን አነሣችና አሥራ አንድ የሚለውን ቁጥር አጠፋችው። በቦታው አምስት ጻፈች።

ጭብጨባው ወዲያው አልቆመም፤ ከፊት እየከሰመ ወደ ኋላ ሄደ። ወደ ተማሪው ዞራ ተናገረች። «አላለፍንም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ከመጨረሻው ቡድን ጋር ያገኘነው ነጥብ አይቆጠርልንም። ከሁለት ሳምንት በፊት ቀስታ ጠይቃኝ ነበር። መልሱን ስለማላውቅ አሳቅኩባት።»

አዳራሹ ተንጫጫ። አንዱ አትቀልጂ ይላል፣ ሌላው ከቴሌቪዥን በላይ ልታውቂ ነው ወይ ይላል። ከኋላ የወረቀት ኳስ ተወርውሮ ትከሻዋን መታት። የሒሳብ መምህሩ ወደ ሰሌዳው ወጥተው ወረቀቱን ተቀበሏት፤ አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ እውነቷን ነው ብለው ለተማሪው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያኔ ነው ሁሉም የገባው። ሽማግሌው ዘበኛ ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉና ቀስ ብለው ወደ በሩ ማምራት ጀመሩ። ሰንጠረዥ ይህን ስታይ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር።

«ያኛው ጨዋታ አላለቀም» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ።

ቀስታ ናት። ከግድግዳው ለቅቃ መጥታለች፤ ሰው ሁሉ እሷን ለመስማት ብሎ ጸጥ አለ። የምድባቸው ሌላኛው ጨዋታ በዝናብ ምክንያት ዘግይቶ ነው የጀመረው። የሚጫወቱት ሁለቱ የተሰናበቱ ቡድኖች፣ ጎረቤት አገርና ደሴተኞቹ ናቸው። ጎረቤቶቹ ሁለት ነጥብ አላቸው፣ ደሴተኞቹ አንድ። «ደሴተኞቹ ካሸነፉ አራት ይሆኑና መጨረሻ የሚቀሩት ጎረቤቶቹ ናቸው» አለች ቀስታ። «ያን ጊዜ የሚቀነስብን ከጎረቤቶቹ ያገኘነው ነው። እሱ ደግሞ አራት ብቻ ነው።»

ሰንጠረዥ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች። አሥራ አንድ ሲቀነስ አራት። ሰባት። ራሷን ያዘች።

የሒሳብ መምህሩ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍተው የጎረቤቶቹን ስታዲየም ሥርጭት ፈለጉ። ምስሉ መጣ። አንድ ካሜራ ብቻ ነው ያለው፤ መስታወቱ ላይ የዝናብ ጠብታ ይንከባለላል። ተመልካቹ ቢቆጠር አንድ ክፍል ተማሪ አይሞላም። ተናጋሪው በማያውቁት ቋንቋ ያወራል። ጥግ ላይ ያለው ውጤት ግን ቋንቋ አይፈልግም፤ ደሴተኞቹ አንድ፣ ጎረቤቶቹ ዜሮ። ሰባ ስድስተኛ ደቂቃ።

እነዚህ ደሴተኞች በማጣሪያው አንድም ጨዋታ አሸንፈው አያውቁም። የእነ ሰንጠረዥ ቡድን አምስት ለዜሮ ሲያሸንፋቸው ይህ አዳራሽ ሲያላግጥባቸው ነው ያመሸው፤ በረኛቸው በሥራ ቀን ደብዳቤ የሚያድል ፖስተኛ ነው ተብሎ ስንት ቀልድ ተፈጥሯል። ዛሬ ቢያሸንፉም ቢሸነፉም ወደ ቤታቸው ነው የሚሄዱት። እንደዚያም ሆኖ ጭቃ ውስጥ በደረታቸው እየወደቁ ኳስ ያድናሉ። አንዱ ተከላካይ እግሩ ተጎድቶ፣ እያነከሰ፣ አልወጣም ብሎ ለአሠልጣኙ እጁን ያወናጭፋል። ለምን? ሰንጠረዥ ቁጥሮቹን ስትጽፍ ስንት ወር ቆየች፤ ከቁጥሩ ጀርባ እንዲህ ያለ ሰው እንዳለ ግን ዛሬ ገና ማየቷ ነው።

ዘጠናኛው ደቂቃ ላይ አምስት ደቂቃ ተጨመረ። የጎረቤቶቹ አጥቂ የመታት ኳስ ቋሚውን ገጭታ ተመለሰች፤ አንዲት ልጅ ዓይኗን ጨፍና «አለቀ?» እያለች ትጠይቃለች። ሽማግሌው ዘበኛ በሩ ጋ ደርሰው ቆመዋል። የሒሳብ መምህሩ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ለአጠገባቸው ሰዎች አሳዩ። በስልኩ ላይ የገዛ አገራቸው ተጫዋቾች ጭፈራውን ትተው፣ በሜዳው መካከል አንድ ስልክ ላይ ተደፍተዋል። እነሱም ይህንኑ ጭቃ እያዩ ነው።

ከዚያ የመጨረሻው የማዕዘን ምት ተመታ። አሥር ሰው በአንድ ላይ ዘለለ። ፖስተኛው ከሁሉም በላይ ወጥቶ ኳሷን በሁለት እጁ ያዛትና ደረቱ ሥር አድርጓት ጭቃው ላይ ተደፋ። አልተነሣም። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ።

ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ደሴተኞቹን ነበር የሚያዩት። ዝናቡ ውስጥ ተቃቅፈው እንደ ሕፃን ያለቅሳሉ፤ አንድ ጨዋታ ስላሸነፉ። ከድንበሩ ማዶ ሦስት መቶ ተማሪ ቆሞ እንደሚያያቸው የነገራቸው የለም። ሰንጠረዥ ምስጋናውን ማን ያደርስላቸው ይሆን ብላ አሰበች፤ ማንም አያደርስላቸውም። ከዚያ ጩኸቱ ፈነዳ፣ ከመጀመሪያውም የባሰ። ድምፅ ማጉያ የደሴተኞቹን አገር ስም እየጠራ ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኸ።

«ጻፊዋ! ምን ትጠብቂያለሽ?» አሏት።

ሰንጠረዥ ደሴተኞቹን ወደ ሦስተኛ አወጣች፣ አራት ብላ ጻፈችላቸው። ጎረቤቶቹን አወረደች። አምስትን አጠፋች። ጠመኔው ሰባት ለመጻፍ ሰሌዳውን ሲነካ ቆመች። ከዚያ ወርዳ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ወንበሮቹን አልፋ ቀስታ ፊት ደረሰች።

«እኔ ሰባት ነው ያገኘሁት» አለቻት። «አንቺ ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምረሽ ቁጠሪው።»

ቀስታ ጠመኔውን አየችው፣ እሷንም አየቻት። «ከመጀመሪያው ከሆነ ይቆያል።»

«ይቆይ።»

ቀስታ ጠመኔውን ተቀብላ ወደ ሰሌዳው ወጣች። ጀርባዋን ለተማሪው ሰጥታ፣ ባለፈው ዓመት ከተደረገው ከመጀመሪያው ውጤት ጀምራ፣ እያንዳንዱን ቁጥር በጣቷ እየነካች መውረድ ጀመረች። አንዳንዱ «ፍጠኚ እንጂ» ብሎ ሊያጉረመርም ሲል ሰንጠረዥ ዘወር ብላ አየችው። ከዚያ ከፊት ረድፍ ባገኘችው ወንበር ላይ ቁጭ አለችና፣ የጠመኔ ብናኝ የለበሱ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ጠበቀች።