የመርዳሳ አፍሮ

«ማነው የሞተው?»

ዘርፉ የያዘችውን የሽንኩርት ዘንቢል በሩ ላይ ጣለችው። ልጇ መርዳሳ የተላጨ ራሱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ምላጩ የቆረጠው ቦታ ላብ ሲነካው ቆጠቆጠው።

«ማንም አልሞተም እማዬ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ተቆረጠው ብዬ ስንት ዓመት ስለምንህ እምቢ ያልከውን አፍሮ ዛሬ ምን አስላጨህ?»

ሞኝ! አስቀድሞ ማሰብ የነበረበት ይህንን ነበር። ታላቅ ወንድሙ ገርባ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሰሜን ግንባር ከገባ ወዲህ ደብዳቤው ከጠፋ ቆይቷል። ልጇ ግንባር ያለ እናት ቤት ውስጥ በድንገት ራሱን የተላጨ ወንድም ከተገኘ ሌላ ትርጉም የለውም፤ መርዶ ነው። መርዳሳ ግን ሳምንቱን ሙሉ የፈራው ሌላ ነገር ነበር።

ነገሩ የመጣው ከባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ነው። መምህር አብተው ከአንድ የውጭ መጽሔት ያነበቡትን ሲያወጉ፣ «ሰው አደንዛዥ ዕፅ ወይም የሚያነቃ ኪኒን ቢወስድ ከደሙና ከሽንቱ በጥቂት ቀን ይጠፋል። ጸጉር ግን ከሥሩ ሲያድግ ይዞት ይወጣል። ከወራት በኋላ እንኳ ሲመረመር ይገኛል» አሉ። ክፍሉ ሳቀ። መርዳሳ አልሳቀም። ለማትሪክ ሲያጠና እንቅልፍ እንዳይጥለው፣ ጓደኛው ኑሬ ከሞጆ ሾፌሮች እያመጣ የሚሰጠውን ኪኒን ሲውጥ ከርሟል። ኑሬ ደግሞ ቀልድ አያልቅበትም።

«አንተ ፋራ፣ አልሰማህም? ከማትሪክ በፊት የሁላችንንም ጸጉር ሊመረምሩ ነው። የተገኘበት ይባረራል» አለው።

ከትምህርት ቤት የተባረረ ወጣት የት እንደሚላክ ለመርዳሳ ነጋሪ አያሻውም። ምላጭ ገዛ።

«ቅማል አስቸግሮኝ ነው» አለ አሁን።

ጎረቤታቸው እትዬ ሸዋወርቅ ድምፅ ሰምተው ገቡ። የመርዳሳን ራስ ሲያዩ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። «አይ ዘርፉዬ! እግዜር ያጽናሽ» አሉ። ዘርፉ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ቅማል ከሆነ ማልልኝ» አለች። «ገርባ ይሙት በለኝ!»

ሰፈር ውስጥ ልጆች ለብይ ጨዋታ እንኳ «እናቴ ትሙት» ይላሉ። መርዳሳ አፉን ከፈተ። «ገርባ...» ቀሪው አልወጣም። ጥይት በሚበርበት አገር ያለ ወንድሙን፣ በውሸት ላይ ሞቱን ሊጠራበት?

መሐላውን ሳይጨርስ ሲቀር እናቱ ደረቷን መታች። «ልጄን! ልጄን!»

እትዬ ሸዋወርቅ ደግ ናቸው፤ ወሬ ግን አያድርባቸውም። እሳቸው የሰሙትን ነገ ቀበሌው፣ ከነገ ወዲያ ትምህርት ቤቱ ይሰማዋል። እስኪወጡ ቢጠብቅስ? እናቱ ደረቷን ደገመችው። መርዳሳ ተንበረከከና እጇን ያዘ።

«እማዬ፣ ቅማል አይደለም። እንቅልፍ የሚከለክል ኪኒን ስውጥ ነበር። ጸጉሬ እንዳያሳብቅብኝ ነው የተላጨሁት። ገርባ ይሙት!»

ዘርፉ ቀና ብላ አየችው። እንባዋ ጉንጯ ላይ ቆመ።

«የምን ኪኒን?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ብቻ ነበር፤ መርዳሳ ያን ቁጣ ሲሰማ ደስ አለው። ከኪሱ የተረፉትን አውጥቶ፣ እትዬ ሸዋወርቅ እያዩት፣ መዳፏ ላይ አኖረላት።