ከተራፊ ጨርቅ የተሰፋ ዓርማ

ከላፍቶ ማሳ ወደ ከተማ የሚገባ መኪና ሁሉ በኬላው ገመድ ፊት ቆሞ ይፈተሽ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ገመዱ ሳይጠየቅ የሚወርደው ለአንድ ምልክት ብቻ ነበር፤ በነጭ ጨርቅ ላይ ላረፈው ቀይ መስቀል። የቀይ መስቀል ማኅበሩን ባንዲራዎች የምትሰፋው ደግሞ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ቀመሪያ ነበረች። አራቱን ክንዶች በክር ለክታ እኩል መሆናቸውን ሳታረጋግጥ መቀስ አታነሣም ነበር።

"እንዴ ቀመሪያ! የሼህ ልጅ ሆነሽ መስቀል መስፋት ጀመርሽ?" አላት ጎመን የሚያመላልሰው ሾፌር ደምሰው፣ ከሱቋ ደጃፍ ቆሞ።

"ይሄ የቤተ ክርስቲያን አይደለም፣ ጋሼ ደምሰው። የታመመ ሰው ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ የሚነሣበት ምልክት ነው" አለችው፣ ኮራ ብላ።

"እንግዲያው ለእኔም ስፊልኝ። ኬላ ላይ ግማሽ ቀን እየተገተርኩ ጎመኔ በፀሐይ አለቀ።"

"አይሆንም!"

"ተራፊ ጨርቅ የሰፊው አይደል? የራስሽን ብትሰጪኝ ማን ይጠይቅሻል? ጎመንም እኮ ነፍስ ያቆያል!"

ሳቀች። ልማዱም እንዳለው ነበር፤ ከሥራ የተረፈ ቁራጭ የሰፊው ነው። ሰፋችለት።

ደምሰው ሦስት ቀን እንደ ጌታ አለፈ። በአራተኛው ቀን አንድ ፈታሽ የመኪናውን ሸራ ገልጦ ጎመኑን አየ። ባንዲራውን ቀምተው ሁለት ቀን አሰሩት። ማን እንደሰፋለት ግን አልተናገረም።

በሳምንቱ ገዲሴ የምትባል የገበሬ ሚስት ምጥ ጸናባት። የማኅበሩ አምቡላንስ ይዟት ሲከንፍ ገመዱ አልወረደም።

"ዛሬስ የሐበሻ ጎመን ነው ጥቅል?" አለ ፈታሹ።

"ኧረ በፈጣሪ፣ ወላድ ናት!" አለ የአምቡላንሱ ሾፌር።

"ውረድ! ሁሉም ይራገፋል።"

ፍራሹን ገልብጠው እስኪፈትሹ የገዲሴ ደም መንገድ ዳር ፈሰሰ። ሆስፒታል ስትደርስ ሐኪሙ፣ "ሌላ ሩብ ሰዓት ብትዘገዩ እናትም ልጅም አይተርፉም ነበር" አለ።

ቀመሪያ ይህን እንደሰማች ሱቋን ዘግታ ወደ ኬላው ሄደች። እንደምትታሰር ታውቃለች።

"ጓድ ሙሴ፣ ያን ባንዲራ የሰፋሁት እኔ ነኝ" አለችው ለኬላው ኃላፊ። "ጨርቁ የእኔ ነበር፤ ምልክቱ ግን የእኔ አልነበረም። እኔን እሰሩኝ፣ አምቡላንሱን አታቁሙ።"

ደምሰው ከኋላዋ ሮጦ ደረሰ። "እሷን ተዉአት! ለምኜ ያሰፋሁት እኔ ነኝ። ለጎመን ብዬ ሰው ላስጨርስ ነበር።"

"ከእንግዲህ እውነተኛውን በምን እንለይ?" አለ ጓድ ሙሴ።

"ከእጄ ሁለተኛ ሐሰተኛ አይወጣም። የተጠራጠራችሁትን ሁሉ አምጡልኝ፤ ስፌቴን አውቀዋለሁ።"

ወገኖቼ፣ እኛ ለጥቂት ቀን ጥቅም የምንዋሰው ዓርማ፣ ነፍሱን ለማትረፍ ከሚጣደፍ ሰው የቀማነው መንገድ ነው። የጋራ ምልክት ተራፊ የለውም።

ቀመሪያ ተናግራ ሳትጨርስ ከታች የአምቡላንስ ጡሩምባ ተሰማ። ፈታሹ ገመዱን ይዞ የኃላፊውን ዓይን ዓይን አየ። ጓድ ሙሴ ቀመሪያን ተመለከተና፣ "አውርድ!" አለ።

አምቡላንሱ ፍጥነቱን ሳይቀንስ አለፈ። ባንዲራው በነፋሱ ተወጥሮ አራቱ ክንዶች እኩል ታዩ።

"የእኔ ስፌት ነው" አለች ቀመሪያ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።