ከባልዲው የወጣችው እጅ

ምንይችል የተገኘው በደረቱ ተደፍቶ ነው። ፊቱ የፈሰሰ ጀሶ ላይ አርፎ ጀሶው ስለደረቀ፣ ፖሊሶቹ ሬሳውን ሲያገላብጡት የቅንድቡና የአፍንጫው ቅርጽ ወለሉ ላይ ቀረ። መዶሻው ከጎኑ ወድቋል። ከኋላው የቆመው ሰው የመታው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።

ኢንስፔክተር ብኸይታ ደፉን ሳታልፍ ብዙ ቆመች። የዚሁ የአሶሳ ልጅ ናት። አማርኛን ትምህርት ቤት ገብታ ስለተማረችው ቃል እየመረጠች ነው የምትናገረው፤ የማያውቋት ሰዎች ዝግታዋን እንደ ኩራት ይቆጥሩባታል። ሳጅን ዋቅሹማ ግን ስለለመዳት ጠበቃት።

በግድግዳው ዙሪያ ባለው መደርደሪያ ላይ ነጫጭ እጆች ተቀምጠዋል፤ የሽማግሌም፣ የሕፃንም። ምንይችል ከፓዌ መጥቶ የሰው ቤት ኮርኒስ በጀሶ ሲያስጌጥ የኖረ ሰው ነበር። ኋላ ላይ የሟች እጅ ቅርጽ ማውጣት ጀመረ። የጥርስ ሐኪሞች የጥርስ ልክ የሚወስዱበትን ዱቄት በባልዲ ይበጠብጥና ሬሳው ከመገነዙ በፊት እጁን ይነክረዋል። ድብልቁ እንደ ላስቲክ ሲረጋ እጁን አውጥቶ በቀረው ጎድጓዳ ውስጥ ጀሶ ያፈስበታል። የሚወጣው እጅ ከነጥፍሩ፣ ከነመስመሩ ነው። ከመተከል ሸሽተው የመጡና የሟቻቸው አንድ ፎቶ እንኳ ያልተረፈላቸው ሰዎች ደጅ ይጠኑት ነበር።

«ማነው ያገኘው?» ስትል ጠየቀች።

«እኔ ነኝ» አለ እዩኤል፣ በዚያው ግቢ የብረት በር የሚበይደው ጎረቤት። «ጠዋት ሰላም ልለው ብገባ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«ትናንት ማን መጣ?»

«ረፋዱ ላይ ጣሀ የሚባለው ነጋዴ ሲጮህበት ነበር። ወደ ማታ ደግሞ የሴት ልቅሶ የሰማሁ መሰለኝ። ብየዳ ላይ ስለነበርኩ ቀና ብዬ አላየሁም። ደግሞስ እዚህ የሚመጣ ሁሉ ያለቅሳል፤ ማን ልብ ይላል?»

ብኸይታ ጥግ ላይ ወዳለው ባልዲ ሄደች። እርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖበታል። ስትገልጠው በረጋው ድብልቅ መካከል የእጅ ጎድጓዳ አየች።

«ጨርቅ ማልበስ ልማዱ ነው?»

«ኧረ በፍጹም! እጁ እንደወጣ ነው ጀሶውን የሚያፈስበት። ከዘገየ ይደርቅና ይኮማተራላ። ይኸው ለዚህ የበጠበጠው ጀሶ ነው መሬት ላይ የፈሰሰው።»

«እንግዲያው ያለበሰው እሱ አይደለም።»

ጨርቁን አሸተተችው። የእርጥብ ቅጠል ሽታ አለው፤ ጠርዙ ላይም አረንጓዴ ነገር ተጣብቋል። አጥፋ በፌስታል ውስጥ ከተተችው።

«አንተ ጀሶ ማፍሰስ ትችላለህ?» አለችው እዩኤልን።

«ሲሠራ እያየሁ ነው የኖርኩት።»

አፈሰሰው። ጀሶው ከጠነከረ በኋላ ላስቲክ መሳዩን ድብልቅ ቆራርሰው ሲያነሡት የሴት ቀኝ እጅ ወጣ። ትንሿ ጣት ጫፏ ላይ ወደ ውስጥ ጎብጣለች።

ያቺን ጣት ብኸይታ በሕይወት ያለች ሴት ላይ ያገኘቻት የዚያኑ ዕለት፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው። የምንይችል ሚስት ሳሌም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ ጥላ ተቀምጣለች።

«ጣትሽ ምን ሆኖ ነው?»

«ልጅ ሆኜ በር ተዘግቶበት ነው።»

«ባልዲው ውስጥ የነበረው ያንቺ እጅ ነው።»

«አዎ፤ ትናንት ወደ ማታ ነከርኩለት። ከዚያ የዕድራችን ሰው ሞቶ ስለነበር ከሴቶቹ ጋር ለቅሶ ሄድኩ። ስመለስ በጣም መሽቷል። ሥራ ሲበዛበት እዚያው ስለሚያድር አልጠረጠርኩም።»

የዕድሩ ሴቶች በሙሉ መሰከሩላት።

«ከትናንት በፊትስ ነክረሽለት ታውቂያለሽ?»

«ብዙ ጊዜ። ናሙና ነው ይለኛል።» ሳሌም አቀረቀረች። «ናሙናው የት እንደሚገባ ግን ጠይቄው አላውቅም።»

«የሴት እጅ ካሠሩት ሰዎች እነማንን ታውቂያለሽ?»

«ጣሀን፣ ለሚስቱ። ሌላዋ አገኘሁሽ ናት፣ ከድባጤ የመጣችው፤ ለልጇ። በስም ነው እንጂ በመልክ አላውቃቸውም።»

ጣሀ ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ተቀምጧል። ከብኸይታ ጋር በበርታኛ የጀመሩት ወሬ ለዋቅሹማ ሲባል ጣሀ ወደሚኮላተፍበት አማርኛ ዞረ።

«ወላሂ፣ እኔ አልገደልኩም። ወንድሜ ኻሚስ ይሄ ሐራም ነው፣ ስበረው ይለኛል። እኔ እንዴት ይሰብራል? ምንይችል ጋ ሄድኩ፤ አንተ ጋ ይቀመጥ፣ እኔ ጁምዓ ጁምዓ መጥቶ ያያል አልኩት። እምቢ አለኝ። ለዚህ ነው የጮህኩት።»

ከሳጥኑ ውስጥ ሟች ሚስቱ ትከናነበው በነበረ ቶብ የተጠቀለለ ነገር አወጣ፤ እንደ ተኛ ሕፃን እየሳሳለት ገለጠው።

«ኑሃ ይሄ ነው። አላህ ይርሐምሃ። በጣም ጥሩ ሰው ነበር።»

ብኸይታ የነጩን እጅ ትንሽ ጣት አየች። ጎብጣለች። ፊቷ ላይ ምንም እንዳይነበብ ተጠነቀቀች።

«ጣቷ ድሮም እንዲህ ነበር?»

«አይደለም። ምንይችል ነግሮኛል፤ ሰው ሲሞት ጣት ይጎብጣል።» እጁን ሳመና መልሶ ጠቀለለው።

ከቤቱ ሲወጡ ዋቅሹማ «ለምን አልነገርሽውም?» አላት።

«ይህን የማያውቅ ሰው የሚገድልበት ምክንያት የለውም። የሚያውቀውን ነው የምንፈልገው።»

አገኘሁሽ በከተማው ዳር፣ በቀርከሃ በታጠረ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ገበያ ላይ ቅጠላ ቅጠል ትሸጣለች፤ ዛሬ ግን አልወጣችም። ጎመኑና ባሚያው ሰፌድ ላይ እንደተዘረጋ በሙቀቱ ጠውልጓል።

የጀሶው እጅ ከበሩ ኋላ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ወለል ላይ ተቀምጧል። ብኸይታ አነሣችው። ትንሿ ጣት እዚህም ጎብጣለች። የጣቶቹ ጫፍ ከመሳም ብዛት ተሟልጦ ቢጫ ሆኗል፤ እላዩ ላይ ግን አቧራ ሰፍሯል። የአልጋው ራስጌ ጋ ያለው ጠረጴዛ በዳንቴል ተሸፍኖ ባዶውን ቆሟል።

«ልጅዎ ናት፣ እናቴ?»

«ስርጉት ትባላለች። ከድባጤ ስንወጣ አባቷ እዚያው ቀረ፤ ቤቱም ከነፎቶው ነደደ። እሷን ይዤ እዚህ ደረስኩ። ጉበቷን ታማ ሞተችብኝ።»

«እጇ ለምን ከበር ኋላ ሆነ?»

«ቤቱ ጠባብ ነው።»

«ምንይችልን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ይቺን እጅ ከሰጠኝ ወዲህ ዓይኑን አላየሁትም።»

ብኸይታ እጁን መልሳ አስቀመጠች። ሰፌዱን አንድ ጊዜ አይታ ወጣች።

በማግስቱ፣ ከቀብር በኋላ አራቱንም ወደ ምንይችል መሥሪያ ጠራቻቸው። እዩኤል ከውጭ በኩል በሩን ተደግፎ ቆመ። ሳሌም ለብቻዋ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጣሀ ጥቅሉን በደረቱ አቅፏል። አገኘሁሽ ባዶ እጇን ነው የመጣችው።

«የሟች እጅ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚነከረው» አለች ብኸይታ። «ቅርጹ ከተበላሸ ሬሳው ተቀብሯል፤ መድገም አይቻልም። ምንይችል ሲበላሽበት ምን ያደርግ ነበር? ይኸው።» ከባልዲው የወጣችውን እጅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «የሚስቱን እጅ ያወጣና የእናንተ ነው ብሎ ይሰጣል። እሷ ናሙና ይመስላታል።»

ሳሌም ቀኝ እጇን ቀስ ብላ በነጠላዋ ሸፈነች።

«ገዳዩ ይህን ያወቀ ሰው ነው። መጀመሪያ ሳሌምን ጠረጠርኳት፤ እሷ ግን ለቅሶ ላይ ነበረች። ጣሀ ደግሞ እጁን አሁንም ይስማል። የሚወደውን ነገር የሠራለትን ሰው አይገድልም። እዩኤል እዚያው ግቢ ነው የዋለው፤ ቢሆንም ባልዲው እንደማይሸፈን የነገረኝ ራሱ ነው። የሸፈነው እሱ ቢሆን ይህን አይነግረኝም።»

ጨርቁን ከፌስታሉ አወጣች።

«ገዳዩ ከመሄዱ በፊት ባልዲውን ሸፈነ። ሊደብቀው አይደለም፤ ጎድጓዳውን ማየት ስላልቻለ ነው፣ የሬሳ ፊት እንደሚሸፈነው። በእጁ የነበረው ይህ ብቻ ነው። ጎመን ጎመን ይሸታል፤ ጠርዙ ላይ የተጣበቀውም የጎመን ቅጠል ነው። ቅጠል ሻጭ እንዳይጠወልግባት አርጥባ የምትሸፍንበት ጨርቅ ነው። እናቴ፣ የእርስዎ ጎመን ያለ ሽፋን ጠውልጎ አየሁት። የሳሙትን እጅም ከበር ኋላ ጥለውታል። ሌላ ምን ልበል?»

አገኘሁሽ አልካደችም። ሳሌምን ነበር የምታየው።

«ጎመን ልትገዛኝ መጣች» አለች። «ማን እንደሆነች አላውቅም። ለመምረጥ እጇን ዘረጋች፤ ጣቷን አየሁ። ልጄ ተነሥታ መጣችልኝ ብዬ ቀና ብል ፊቱ የሌላ ሰው ነው። ማናት ብዬ ጎረቤቴን ብጠይቃት የምንይችል ሚስት ናት አለችኝ።»

ከውጭ የባጃጅ ድምፅ ተሰምቶ አለፈ።

«ቀናት ታግዬ ቻልኩት። ከትናንት በስቲያ ግን አልሆነልኝም፤ ከገበያ ስመለስ ገባሁ። የልጄ እጅ የት አለ? አልኩት። ሲወጣ ተሰባበረብኝ፣ ባዶ እጅሽን ልመልስሽ አልጨከንኩም አለኝ። ስብርባሪውንስ? አልኩት። አድቅቄ ግቢው ላይ ደልድዬዋለሁ፣ ዝናብ ሲዘንብ ይጨቀያል አለኝ። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ጀሶ ይበጠብጣል። ይኸኛውስ ለማን ነው? ብለው፣ ለሌላ እናት አለኝ። መዶሻው አጠገቤ ነበር።»

እዩኤል ሳያስበው እግሩን ከግቢው አፈር ላይ አነሣ።

«እኔ… ናሙና ነው ብዬ…» አለች ሳሌም።

«አንቺ ምን አጠፋሽ፣ ልጄ።»

ጣሀ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ነበር። ነጩን እጅ አየ፤ ሳሌም የሸፈነችውን እጅ አየ፤ ከዚያ ወደ ብኸይታ ዞረ።

«የኔስ?»

ብኸይታ በበርታኛ ልትመልስለት ጀመረች።

«ተወው፤ አትንገረኝ» አለ ጣሀ። ጥቅሉን ሳይፈታ ይዞት ወጣ።

ወደ ጣቢያ ሲሄዱ ዋቅሹማ መኪናውን ነዳ፤ ብኸይታ ከኋላ ከአገኘሁሽ ጋር ተቀመጠች። በመንገዱ ዳር የማንጎ ዛፎቹ ፍሬ አርግዘው ቆመዋል። ብኸይታ ይህቺን ሴት በዝምታ ማድረስ ከበዳት።

«እናቴ፣ የስርጉት እጅ ምን ይመስል ነበር? የእውነተኛው።»

አገኘሁሽ ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ሊናገር ተላቀቀ።

«ቀጭን ነው። መዳፏ…» አለችና አቆመች። እንደገና ሞከረች። ካቴና የገባበት እጇ የሆነ ነገር በአየር ላይ ሊዳስስ ተነሣ፤ ጣቶቿ አንድ ጣት እንደሚይዙ ተጠጋግተው ጫፉ ላይ ሲደርሱ ወደ ውስጥ ታጠፉ።

እጇን ጉልበቷ ላይ ጣለችው።

«አይመጣልኝም» አለች። «ስስማት የከረምኩት ይቺን ነው። የልጄን አስረስታኛለች።»