ሸራ የለበሰችው አውቶሞቢል

ስልኩ ይጮሃል፤ የሚያነሳው የለም።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። የመኪና መሸጫው አዳራሽ ሦስት ጎኑ መስታወት በመሆኑ፣ ውጭ የተኮለኮለው ደንበኛ ግንባሩን ለጥፎ ወደ ውስጥ ያያል። አዲሷ መካከለኛ አውቶሞቢል ዛሬ ለዕይታ ትቀርባለች ተብሎ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተለፍፎ የለ! ቀረበች እንግዲህ። ሸራዋ እስከ ወገቧ ተገልጧል፤ ከመሪው ኋላ የቤቱ ባለቤት፣ ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ» የሚለው ሰው፣ ጭንቅላቱን በሩ ላይ ጥሎ ሞቷል።

መርማሪዋ ስትደርስ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ነበር። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ አንድ ነገር ውስጥ ከገባች ሳትወጋው አትወጣም። ወንበር ቢሰጧት አትቀመጥ፣ ሻይ ቢያቀርቡላት አትጨርስ፤ አብሯት የሚሠራ ሰው ከምሳ በፊት ራሱን ያመዋል።

«አስም ነው» አላት ሐኪሙ። «ትናንት አመሻሽ፣ አስራ ሁለት ሰዓት ገደማ። የተመታ የለ፣ የታነቀ የለ። ወረቀቱን ልፈርም?»

«ምን አስቸኮለህ? እኔ እንኳ ገና መምጣቴ ነው።»

መኪናዋን ሁለቴ ዞረቻት፤ ከዚያ አጎንብሳ ወደ ውስጥ ገባች። የሟቹ ሸሚዝ የደረት ኪስ ለዓመታት አንዲት ትንሽ ዕቃ ይዞ የኖረ ነው፤ ጨርቁ በዕቃዋ ቅርጽ ሳስቷል። አሁን ግን ባዶ ነው። በበሩ የውስጥ ገጽ፣ በሌላ መኪና እጀታ በሚኖርበት ቦታ፣ ጥፍር የቧጨረው አለ። እጀታ ግን የለም።

«ታዲያ ይሄ በር ከውስጥ በምን ይከፈታል?» አለች ለራሷ። ፈልጋ ፈልጋ፣ የክንድ ማስደገፊያው ሥር የተሸሸገች ቀጭን ብረት በጣቷ አገኘች። አዲስ ፋሽን መሆኑ ነው፤ ሰው ግራ ከማጋባት በቀር ምን እንደሚፈይድ እንጃ።

ወንበሮቹ ከፋብሪካ እንደለበሱት ላስቲክ ለብሰዋል። የኋለኛው ላስቲክ ልሙጥ ነው። ከሟቹ ጎን ያለው የፊት ወንበር ላስቲክ ግን ተጨማዷል፣ መሃሉም ጎድጉዷል። በሟቹ ጭን ላይ አንድ አሮጌ ማስታወሻ ተከፍቶ ተቀምጧል። መርፌ ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ ያሉትን መስመሮች አነበበችና ማስታወሻውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የሟቹ ልጅ ወደ ላይኛው ቢሮ በሚያወጣው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ስልኳን በሁለት እጇ ጨብጣለች።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው» አለች ስለ ማስታወሻው ስትጠየቅ። «አዲስ መኪና ሲመጣ ከሁሉ በፊት እሱ ይቀመጥባትና የመጀመሪያ ስሜቱን ይጽፋል። ‹ነገ ሲለምዱት ጉድለቱ አይታይም› ይላል። እሱ ሳይጽፍ ማንም አይገባባትም።»

«ትናንትስ አንቺ የት ነበርሽ?»

«ቀን ላይ በሠራተኛ ፊት ጮኸብኝ፤ ተናድጄ ትቼው ሄድኩ።» ስልኳን አብርታ አሳየቻት። «አስራ አንድ ተኩል ላይ ሁለቴ ደወለልኝ። አላነሳሁም፤ እያየሁት! አስራ ሁለት ሰዓት ሲያልፍ አንጀቴ አልችል አለና መልሼ ደወልኩ፤ ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። አየር አጥሮት እኔን ነበር የሚጣራው? እኔ ነኝ የገደልኩት?»

ሌላ ሰው ቢሆን «አይዞሽ፣ አንቺ ምን አደረግሽ» ይላት ነበር። መርፌ እንዲህ ያለውን አትችልበትም።

«አላውቅም» አለቻት። «ሳላውቅ አላጽናናሽም። ዛሬውኑ አውቄ ግን እነግርሻለሁ።»

አብረው ወደ ቢሮው ወጡ። የሟቹ ስልክ ቻርጅ ላይ እንደተሰካ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ፊቱ ወደ ታች ተደፍቷል። መሳቢያው ሲከፈት የአስም መድኃኒቱ፣ ያቺ አፍ ውስጥ የምትረጭ ሰማያዊ ፓፍ፣ ከእስክሪብቶዎቹ መሃል ተገኘች።

«ይኸው ረስቷት ነው የወረደው!» አለ አብሮ የወጣው ፖሊስ።

ልጅቷ ግን ፓፏን አላየችም፤ ዓይኗ ስልኩ ላይ ቀርቷል። «ይሄን ማን ደፋው? አባቴ ጆሮው ይከብደዋል። መብራቱን እንዲያይ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው።»

መርፌ ደረጃውን ሁለት ሁለት እያለፈች ወረደች።

መጀመሪያ የጠራችው ሻጩን ነው። ምላሱ ጤፍ ይቆላል የሚባልለት፣ ክራባቱን በሐዘን ቀን እንኳ ያላላላ ጎልማሳ ነው።

«እኔ አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ወጣሁ፤ ጠዋት የመኪናዋን በር ከውጭ ከፍቼ ያገኘሁትም እኔው ነኝ። ትናንት ግን ውስጧን በዓይኔ አላየሁም። ጋሼ ሳይጽፍ ማን ደፍሮ! የእኛ ሥልጠና ራሱ ዛሬ ጠዋት ነበር። ይኸው ደንበኛው መስታወቱን ሊሰብረው ነው፣ ስልኩም አላርፍ አለ፣ ምን ልበላቸው?»

«ምንም አትበላቸው። ዝም ማለት ትችላለህ?»

«እሞክራለሁ» አለ፣ እንደሚከብደው እያስታወቀ።

ቀጥሎ ሽማግሌው መካኒክ መጣ። ከሟቹ ጋር አብረው ያረጁ ናቸው።

«ባትሪዋን የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ» አለ። «አዳራሽ የገባ መኪና ባትሪው ይነቀላል፤ እሳት እንዳያስነሳ። በሩን ከፍቼ እጄን ሰደድኩና የኮፈኑን መክፈቻ ሳብኩ፣ ሌላ አልነካሁም። ከዚያ ጓሮ ጋራዥ ስሠራ አመሸሁ።»

«ስለዚህ ጥሩምባዋም መስኮቷም አይሠሩም ነበር?»

«አይሠሩም።» የነገሩ ትርጉም ያኔ ገባው፤ በዘይታም እጁ ፊቱን ሸፈነ። «እኔ ጓሮ መዶሻ አነሳለሁ፣ ጓደኛዬ እዚህ… ወይኔ! ወይኔ ሰውዬው!»

መርፌ እስኪረጋጋ ጠበቀችውና ቀስ ብላ ጠየቀችው። «ጋሼን የአዲስ መኪና ሽታ ያፍነው ነበር?»

«ኧረ ምን! ሠላሳ ዓመት በእሱ ሽታ የኖረ ሰው! እሱን የሚነሳበት ትኩስ ቀለም ነው። እኔ ጋ ቀለም የሚቀባ መኪና ካለ በጓሮው አያልፍም።»

መጨረሻ የመጣው የልጅቷ አጎት፣ የጋሼ ሟች ሚስት ወንድም ነው። መኪኖቹን ከወደብ የሚያመጣው እሱ ነው። ዓይኑ ቀልቷል፤ የእህቱን ልጅ ትከሻ አቅፎ ቆሟል።

«ከመርከብ ወርዳ ጭነት መኪና ላይ ወጣች፣ ጭነት መኪናው እዚህ አወረዳት። ሸራዋን እንኳ አልገለጥኩም» አለ። «ትናንት አስር ሰዓት ላይ አስረክቤ በቀጥታ ቤቴ ገባሁ።»

«ከወደብ መቼ ተነሣችሁ?»

«የዛሬ… አምስት ቀን።»

«መንገዱ ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ሁለት ቀን ነው። መንገዱ ተበላሽቶ ነበር፤ እንደምንም ነው የደረስነው።»

«አይ የመንገድ ነገር!» አለች መርፌ፣ ዞር ዞር እያለች።

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ ያደረገችው ነገር ሁሉንም ግራ አጋባ። ሦስቱን ወንዶች ተራ በተራ የኋላ ወንበር ላይ እንዲቀመጡ፣ በሩን እንዲዘጉ፣ የመጀመሪያ ስሜታቸውን ነግረዋት እንዲወርዱ አዘዘች።

ሻጩ ሲገባ ወዲያው ልቡ ሞላ። «እንዴት ያለ ጸጥታ ነው! የውጭው ጫጫታ ድራሹ ጠፋ። እግር ሲዘረጋ… ወንበሩ ደግሞ ወገብ ሲይዝ!» ከዚያ ለመውረድ እጁን ሰደደ፤ እጀታ አጣ። በሩን ዳበሰ፣ ሳቅ አለ፣ ደግሞ ዳበሰ፣ ሳቁን ተወው። ሊያልበው ሲጀምር መርፌ ከውጭ ከፈተችለት።

መካኒኩ «ጣሪያዋ ዝቅ ብሏል» ብሎ ጀመረና እሱም ተቆልፎበት ቀረ። «ይሄ መኪና ነው እስር ቤት?» እያለ በጡጫው በሩን ደበደበ።

አጎትየው ገባ፣ በሩን ዘጋ። «ምን እላለሁ፣ ጥሩ ናት» አለ። ወረደም።

መርፌ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ጠዋት ባለችበት ቆመች። ከዚያ ሁሉንም በመኪናዋ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው፤ ልጅቷም ከደረጃው ወረደች።

«አስም ገድሎታል፣ ሐኪሙ ልክ ነው» ብላ ጀመረች። «ግን አስም መድኃኒት ከኪስ አውጥቶ ደረጃ ወጥቶ መሳቢያ ውስጥ አይከትም። ጋሼ ያቺን ፓፍ ከደረቱ ለይቷት አያውቅም፤ ኪሱ ራሱ ይመሰክራል። ሁለተኛ፣ ከጎኑ ሰው ተቀምጦ ነበር፤ የወንበሩ ላስቲክ ያሳያል። ሦስተኛ፣ ማስታወሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ ‹መሪዋ ለእጅ ትመቻለች። በሩን ዘግተን ጸጥታዋን አየን፤ ጥሩ ነው። ሽታዋ ግን የአዲስ መኪና ሽታ አይደለም።› ‹አየን› ነው የሚለው፤ ብቻውን አልነበረም።»

ወደ መካኒኩ ዞረች። «አባባ፣ እስኪ በተጨማደደው ወንበር በኩል ያለውን በር ይዩልኝ።»

ሽማግሌው ተንበርክኮ አውራ ጣቱን በበሩ ዙሪያ ባለው የጎማ ማሸጊያ፣ በጎሚኒው ላይ አስኬደ። «ቀለም ነክቶታል! የፋብሪካ ቀለም ጎሚኒ ላይ አያርፍም። ይሄ በር ተመትቶ፣ ባትላሜራ ቆርቆሮውን አቃንቶት፣ በጥድፊያ ተቀብቷል። ገና ይሸታል!»

«አሁን ባትሪዋን ይስኩልኝና ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋን ያንብቡልኝ። በጭነት መኪና የመጣች አዲስ መኪና ስንት ማለት አለባት?»

«ቢበዛ ሃያ።» ሄደ፣ ሰካ፣ አነበበ። ድምፁ ሲወጣ ጭራሽ ሌላ ሰው መስሎ ነበር። «ሁለት መቶ አስራ ሰባት።»

የአዳራሹ ስልክ እንደገና መጮህ ጀመረ። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«እንግዲህ ይቺን መኪና መንገድ ላይ አውርዶ የነዳት፣ ያጋጫት፣ ያሳደሳት፣ ላስቲኳን መልሶ ያለበሳት ሰው አለ» አለች መርፌ። «ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር የነዳት ሰው ደግሞ ለመውረድ አይዳብስም። ሻጩ ሥራው ሆኖ አልቻለም። መካኒኩ ዕድሜ ልኩን በር ሲፈታ ኖሮ አልቻለም። ባለቤቱ ጥፍሩ እስኪሰበር ቧጭሮ አልቻለም። ሸራዋን እንኳ አልገለጥኩም ያልከው አንተ ግን በሩን ሳታይ ወረድክ።»

«በር መክፈት ወንጀል ሆነ እንዴ?» አለ አጎትየው። ሊስቅ ሞከረ፤ እጁ ግን ከእህቱ ልጅ ትከሻ ላይ ወርዷል።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። «አጎቴ?»

ያቺን አንዲት ቃል አልቻላትም። «አንድ ቀን ብቻ ነው!» አለ። «አገሬው በአዲስ መኪና ይየኝ ብዬ አወረድኳት። ከምሰሶ ጋር ተጋጨሁ። ሁለተኛ ካጠፋህ ከደጄ እንዳላይህ ብሎኝ ነበር… ትናንት አጠገቡ የተቀመጥኩት ሽታውን እንዳያስተውል በወሬ ልይዘው ነበር። አስተዋለ። መናገር ሲጀምር ሳሉ ያዘው፤ ፓፏን ሲያወጣት ከእጁ ወደቀች። እኔ አነሳኋት። ልሰጠው ነበር፣ እናትሽን! ሲያየኝ ግን ‹በቃህ› የሚል አስተያየት አየኝ። ይዣት ወረድኩና በሩን ዘጋሁበት።»

«ወጥተህ መሳቢያው ውስጥ ከተትካት» አለች መርፌ። «ያኔ ስልኩ በራ።»

«በራ።»

«የማን ስም ነበር?»

ልጅቷ ናት የመለሰችው። «የኔ ነው። መልሼ የደወልኩት እኔ ነኝ። አየኸው… ደፋኸው።» ቀረበችው። «ያኔ አባቴ በሕይወት ነበር?»

አጎትየው የመኪናዋን ኮፈን ተደገፈ። «በሩን ሲመታ ይሰማኝ ነበር» አለ።

መካኒኩ ሊዘልበት ተነሳ፤ ሻጩ ወገቡን ይዞ አስቀረው፣ እሱም እያለቀሰ። ፖሊሱ አጎትየውን በጓሮ በር ይዞት ወጣ።

መርፌ ማስታወሻውን ከቦርሳዋ አውጥታ ለልጅቷ ሰጠቻት። «እነግርሻለሁ ብዬሽ አልነበር? ስልኩ ፎቅ፣ ቢሮው ውስጥ ነው የነበረው። ስለዚህ የደወለልሽ ወደ መኪናዋ ከመውረዱ በፊት ነው፤ ያኔ ምንም አልሆነም። ለምን እንደደወለ ደግሞ ራሱ ጽፎታል። ይቺን መስመር ቅድም ለሁሉም ጮክ ብዬ አላነበብኳትም፤ ያንቺ ናት።»

ከገጹ አናት፣ ስለ መሪው ከጻፈው በላይ፣ በረጋ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ይቺን እንኳ ከእኔ በፊት ልጄ ትቀመጥባት ብዬ ሁለቴ ደወልኩ። አላነሳችም። ልክ ናት፤ በሰው ፊት ጮኼባታለሁ። ካኮረፈች ግን ብዙ አትቆይም፤ ራሷ ትደውላለች።»

ልጅቷ ሦስት ጊዜ አነበበችው። «ደውያለሁ» አለች፣ ገጹን እያየች። «ደውያለሁ እኮ፣ አባዬ።» ከዚያ ጠዋቱን ሙሉ ያመቀችው ለቅሶ ወጣላት፤ መርፌም ለአንዴ እንኳ ሰዓቷን ሳታይ አጠገቧ ቆመች።

የአዳራሹ ስልክ እንደገና ጮኸ። ሻጩ ወደ ልጅቷ አየ፣ መካኒኩም አየ። ፊቷን በእጇ ጀርባ ጠረገች፣ አዳራሹን አቋርጣ ሄደችና አነሳችው።

«አቤት» አለች። «አለሁ፣ እየሰማሁ ነው።»