«አለህ?»

«አንተ ራስህ ኔትወርክ የለህም!» ብሎ ኢፋን የሰደበው የክፍሉ ልጅ አክመል ነው። ማክሰኞ፣ ከእረፍት መልስ፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት። ኢፋ ቀኑንም አይረሳም፣ ከኋላ ወንበር ማን ማን እንደሳቀበትም አይረሳም።

ነገሩን ያመጣው የአይሲቲ መምህርቷ ጥያቄ ነበር። ቲቸር ውብአየሁ «ኔትወርክ ምንድን ነው?» ስትል ኢፋ ቀድሞ እጁን አወጣ። «ዝናብ ሲመጣ የሚጠፋው ነዋ!» አለ። ምን ያድርግ? አባቱ ስልኩን ወደ ሰማይ አንስተው «ኔትወርክ የለም» ሲሉ እየሰማ ነው ያደገው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አክመልም ያቺን ቃል ወረወረ። ከዚያ ወዲያ ኢፋ መባሉ ቀርቶ ስሙ «ኔትወርክ የለም» ሆነ።

«ሳቁን ተዉት» አለች ቲቸር። «ኔትወርክ ማለት እርስ በርስ የሚነጋገሩ የተያያዙ ኮምፒውተሮች ናቸው። አንዱ ሌላው መኖሩን ለማወቅ ‹አለህ?› ብሎ ይልካል። ፒንግ ይባላል። ያኛው ‹አለሁ› ይላል።»

«ዝም ቢልስ?» አለ ኢፋ፣ አንገቱን እንደደፋ።

«ዝም አለ ማለት የለም ማለት አይደለም። ሰምቶ ላለመመለስ የተዘጋጀም አለ።» ወደ ኢፋ ዞረች። «የቀረውን፣ መልእክት በኔትወርክ እንዴት እንደሚጓዝ፣ ከመጽሐፉ አንብበህ አርብ አንተ ታስረዳናለህ። ካስረዳህ የኮምፒውተር ክበብ ትገባለህ።»

የኮምፒውተር ክፍሉ የሚከፈተው ለክበቡ አባላት ብቻ ነው። ኢፋ እስከዛሬ ኪቦርድ የነካው በመስኮት፣ በዓይኑ ነው።

ሐሙስ አመሻሽ ሰበታ ታክሲ ተራ ቆሞ እናቱን ይጠብቃል። ከወጨጫ ተራራ የወረደው ጉም መንገዱን ውጦታል፤ የታክሲዎቹ መብራት ብቻ ብቅ እያለ ይጠፋል። ለሠርግ የለበሱ ሰዎች መጡ። አንድ ታክሲ አልበቃቸውም። ተራ አስከባሪው ወንዲ «የት ናችሁ?» አላቸውና በሦስት ታክሲ በተናቸው። ማን እንደሆኑ፣ የማን ልጅ እንደሆኑ አልጠየቀም። የት እንደሚሄዱ ብቻ!

ኢፋ ፈዝዞ ቀረ። ጉሙ ውስጥ የሚሄዱት ታክሲዎች መሆናቸው ቀረና የአንድ መልእክት ቃላት ሆኑ። አንዱ በአለም ገና፣ አንዱ በሌላ መንገድ እየተንሳፈፉ ሄደው፣ እዚያ ማዶ ሠርጉ ቤት በር ላይ ተገናኝተው መልሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ይሆናሉ።

«ያ ኢፋ! ቆመህ ነው እንዴ የምትተኛው?» እናቱ ዘንቢሉን እጁ ላይ አኖሩበት።

አርብ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመ። «ኔትወርክ የለም፣ ቀጥል!» አለ አንዱ ከኋላ። ኢፋ ግን የታክሲ ተራውን ሠርገኛ እያነሳ ቀጠለ። መልእክት ሲላክ እንደ ሠርገኛው ይከፋፈላል፤ ቁራጩ ፓኬት ይባላል። እያንዳንዱ የሚሄድበትን አድራሻ ይይዛል። ራውተር ደግሞ…

«ራውተር ወንዲ ነው» አለ።

ሳቁ። ኢፋ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። «መንገድ ያሳያል። ማን ነህ ብሎ ግን አይንቅም።»

ይሄኔ የሳቀ የለም። ቲቸር ውብአየሁ ጠመኔዋን አስቀመጠች። «ሰኞ ከትምህርት በኋላ ክበብ እንገናኝ» አለችው።

ሲወጡ አክመል ግቢው በር ላይ ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ ነበር። ኢፋ ለእሱ የሚሆን ስድብ ከማክሰኞ ጀምሮ ሲስል ከርሟል፤ የአክመልን አባት ሱቅ የሚነካ፣ አጥንት የሚሰብር። አሁን ምላሱ ጫፍ ላይ ነው።

«ኔትወርክ የለም!» ሲል ጠራው አክመል። ጓደኞቹ ኢፋ ምን እንደሚል ለመስማት ዞሩ። አክመል ግን እንደ ማክሰኞው አልሳቀም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ኢፋ… አለህ?» አለ።

ኢፋ ሰማው። ጥርት አድርጎ ሰማው። ቦርሳውን ትከሻው ላይ አስተካከለና፣ ጉሙ መውረድ በጀመረበት መንገድ ዝም ብሎ ሄደ።