ግንቡ የወደቀበት ቁልቁለት

ሟቹ የተገኘው በጀርባው ተዘርግቶ ነው። ከመንገዱ ጠርዝ በታች፣ ድንጋይና ቁጥቋጦ ብቻ በሞላበት ገደል ውስጥ፣ አንድ እግሩ ከሥሩ ታጥፎ፣ ፊቱን ለጠራራው ፀሐይ ሰጥቶ። ብስክሌቱ ከእሱ ከፍ ብሎ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሏል። የፊት ጎማው ተንፍሷል፤ የፊት ፍሬኑ ሽቦ ተቆርጧል።

«ነገሩ ቀላል ነው» አለ ሳጅኑ ከአፋፉ ላይ ሆኖ። «ፍሬኑን ቆረጡበት፤ ቁልቁለቱን እየበረረ መጣ፤ መታጠፊያው ላይ ሳተ፤ በቃ።»

ዋና መርማሪዋ ዓይኗን ከገደሉ አልነቀለችም። በጣቢያው «መርፌ» ይሏታል። ቅጥነቷም አለበት፤ ዋናው ግን አንዴ ከወጋች ክሩን ሳትጎትት አትተውም። ቀሚሷን ሰብስባ ድንጋዩን እየረገጠች ወረደችና አስከሬኑ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

የእጅ ጓንቶቹ እጁ ላይ አልነበሩም። አንዱ በአንዱ ላይ ተጣጥፈው በማልያው የኋላ ኪስ ውስጥ ተቀምጠዋል። የጣቶቹ ጫፍ በጎማ እድፍ ጠቁሯል። ፊቱ ላይ የፈሰሰው ደም ደርቋል፤ በከንፈሩና በአገጩ ዙሪያ ግን ንጹሕ ነው፣ ሰው እንዳጠበው።

«ፍሬኑ መቆረጡን ማን ነገረህ?» ስትል ቀና አለች።

«አሠልጣኙ ናቸው። ሲደውሉልን ነው የነገሩን።»

«ጥሩ» አለች መርፌ። «ወንድሙን እሰረው።»

ሳጅኑ አፉን ከፈተ። «መካኒኩን? የሟቹን ታላቅ ወንድም?»

«ብስክሌቱን የሚነካው እሱ አይደል? እሰረው።»

የሟቹን ስም ከተማው ረስቶታል። ሁሉም «ግንቡ» ነበር የሚለው። በብስክሌት ውድድር የፊተኛው ነፋሱን ይሰብራል፣ ከኋላው የተጠለለው ጉልበቱን ይቆጥባል። ግንቡ የክለቡ ነፋስ ሰባሪ ነበር። በጋ በመጣ ቁጥር፣ መንገዱ ደርቆ ከተማው ሁሉ ስለ ብስክሌት ብቻ በሚያወራበት ወራት፣ ግንቡ ከፊት እየታገለ ሌላውን ሰው እስከ መጨረሻው መስመር ያደርሳል፤ ከዚያ ገለል ይላል። ሌላው ሰው ደግሞ እጁን ዘርግቶ ያሸንፋል።

ያ ሌላ ሰው የአሠልጣኙ ልጅ ነው። ሰው «አልጋ ወራሹ» ይለዋል፤ እሱም ስሙን ወዶታል።

ሟቹ በሞተበት ዕለት ጠዋት የከተማዋ ሬዲዮ የብስክሌት ዜና ግንቡን የሚመለከት ነበር። አንድ ትልቅ ክለብ ወስዶታል፤ ከዚህ በጋ በኋላ ለራሱ ይጋልባል። ዜናውን ያነበበችው ጋዜጠኛ በዚያው ቀን ልምምዳቸውን ልትቀርጽ ተራራው አናት ላይ ቆማ ነበር። ከቀብሩ በኋላ መርፌ መጀመሪያ ያነጋገረችው እሷን ነው።

«ማን ቀድሞ ደረሰ?»

«ግንቡ። ብቻውን» አለች ጋዜጠኛዋ። ዓይኗ አብጧል። «እንዲህ ሲጋልብ አይቼው አላውቅም። ሁልጊዜ ወደ ኋላ እያየ ነበር የሚወጣው፤ ያን ቀን ግን አንገቱን አላዞረም።»

«አልጋ ወራሹስ?»

«ብዙ ዘግይቶ መጣ። አፉን ከፍቶ፣ ምራቁ አገጩ ላይ ተንጠልጥሎ። ካሜራዬን ሳነሳ "አታንሺኝ!" ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ሳቄ አመለጠኝ።»

«ሳቅሽን ሰማው?»

«ሰማኝ።»

«ግንቡ ታዲያ ጥሎት ወረደ?»

ጋዜጠኛዋ ራሷን ነቀነቀች። «ቆሞ ጠበቀው። ልማድ ነዋ! ቁልቁለቱን አብረው ጀመሩ። እኔ ዜናው እንዲደርስልኝ በወዲያኛው በኩል ወደ ከተማ ወረድኩ።» ከዚያ «የገደለው ዜናው ይሆን እንዴ?» ስትል ጠየቀች።

«ዜና እጅ የለውም» አለች መርፌ። «ሳቅሽ ግን አላገዘውም።»

ጋዜጠኛዋ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። መርፌ አልቆየችላትም።

የክለቡ ቤት አንድ ሰፊ አዳራሽ ነው። በግራ ግድግዳው ላይ ዋንጫዎች ተደርድረዋል፤ በቀኙ ላይ ብስክሌቶች ከመንጠቆ ተሰቅለዋል። አሠልጣኙ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ደረታቸው ሰፊ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። ለመርፌ ወንበር ሳቡላት።

«እህቴ፣ እንደ ልጄ ነበር» አሉ። «ሁለቱን እኩል ነው ያሳደግኳቸው።»

«ያን ቀን የት ነበሩ?»

«ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ መኪናዬ ውስጥ። ልጄ ብቻውን ደረሰ። "ግንቡስ?" ብለው "ከኋላዬ ነበር" አለኝ። ወጣሁ። መታጠፊያው ላይ ቁልቁል ሳይ... አይጣል ነው።»

«ወርደው አዩት?»

«በየትኛው ጉልበቴ? ከመንገዱ ላይ ሆኜ ነው ያየሁት። መሞቱ ከሩቅ ያስታውቃል። ያን ጊዜውኑ ደወልኩ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያ ወንድሙ ነገር አለበት። እሱም ድሮ ጋላቢ ነበር፤ አልሆነለትም። ቅናት የእናት ልጅ አያውቅም።»

«አያውቅም» አለች መርፌ።

አልጋ ወራሹ በአዳራሹ ጥግ አግዳሚ ላይ ተጋድሞ እግሩን በዘይት ያሻል። ሲያያት አልተነሳም።

«ቀደምኩት፤ ወረድኩ፤ አባቴ ጋ ደረስኩ። ሌላ የማውቀው የለም» አለ።

«በመሐል አልቆምክም?»

«ለምን እቆማለሁ?»

መርፌ ወደተሰቀሉት ብስክሌቶች ሄደች። «ያንተ የትኛው ነው?»

«ቀዩ። ከዚያን ቀን ወዲህ አልነካሁትም። ልቤ እምቢ አለኝ።»

ቀዩን ብስክሌት ከላይ እስከ ታች አየችው። «መሪው ላይ የፍጥነት መቁጠሪያ የለውም። ግንቡ ግን ነበረው።»

አልጋ ወራሹ ፈገግ አለ። «መቁጠሪያ የሎሌ ነው። በሕይወቴ አስሬ አላውቅም። እኔ አሸንፋለሁ፤ ሌላው ይቁጠርልኝ።»

«አሁን የሚቆጥርልህ ሞተ።»

«ሌላ ይገኛል» አለና እግሩን ማሸቱን ቀጠለ።

አመሻሽ ላይ መርፌ ወደ ጣቢያው ተመለሰች። መካኒኩ በእስር ክፍሉ ወለል ላይ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀምጧል። የወንድሙ ቀብር ላይ እንዲገኝ አልፈቀዱለትም ነበር። ስትገባ ዓይኑን አላነሳም።

«ጠዋት ፍሬኑን ያጠበቅኩት በዚህ እጄ ነው» አለ መዳፉን እያየ። «ምናልባት አበዛሁት። ምናልባት ሽቦው ያረጀ ነበር። እኔ እሆናለሁ የገደልኩት፣ እትዬ። "ወንድም ጋሼ፣ ይበቃል፣ አሳምረኸዋል" እያለኝ ነበር።»

አንዲት ቃል ልታሳርፈው ትችል ነበር። አልተናገረቻትም። በሩን ዘግታ ሐኪሙ ወደሚጠብቃት ክፍል አለፈች።

«ወዲያው አልሞተም» አላት ሐኪሙ። «ጀርባው ተሰብሯል፤ ደሙ ቀስ ብሎ ነው ያለቀው። አእምሮው ሳይጠፋ ብዙ ቆይቷል። ቶሎ ሐኪም ቤት ቢደርስ መራመዱን እንጃ፤ ይተርፍ ግን ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም በክለቡ አዳራሽ ተሰበሰቡ። አሠልጣኙ፣ አልጋ ወራሹ፣ ጋዜጠኛዋ፣ ካቴናው ያልተፈታለት መካኒክ። ከገደሉ የወጣው ብስክሌት መሐል ወለሉ ላይ ቆሟል። መርፌ ከጎኑ ሆና መናገር ጀመረች።

«ፍሬኑ ተቆርጦበት እየበረረ ወደቀ ተብሏል። የሚበር ሰው ግን ጓንቱን አውልቆ፣ አጣጥፎ ኪሱ አይከትም። ጓንት የሚያወልቀው በእጁ ሊሠራ የቆመ ሰው ነው። ጣቶቹ ላይ የጎማ እድፍ ነበር።» ጎንበስ አለች። «ይህችን ትንሽ ምላስ እዩዋት። ጎማ ሲፈታ ፍሬኑ ጎማውን የሚነክስበትን ጥርስ ማላቀቂያ ናት። ተከፍታለች። ሽቦውን የቆረጠው ሰው ቸኩሎ ነበርና አላያትም። ፍሬኑ ቀድሞ የተላቀቀ፣ የማይሠራ ነበር። ደግሞ ብስክሌቱ ሁሉ አቧራ ለብሶ የሽቦው ጫፍ ብቻ ያብረቀርቃል። የተቆረጠው ከወደቀ በኋላ ነው ማለት ነው።»

መካኒኩ ቀና አለ።

«እንግዲህ ግንቡ መንገድ ዳር ቆሞ የፊት ጎማ ይፈታ ነበር። የማንን?» ጣቷን መሪው ላይ አኖረች። «መቁጠሪያው ይኸው። መቁጠሪያ የሚሠራው ከጎማው መሐል ወደ ጠርዙ በተወጠሩት ሽቦዎች በአንዱ ላይ በምትታሰር ትንሽ ማግኔት ነው። እዚህ ጎማ ላይ ግን ማግኔት የለም። እሾህ ነው ያለው።»

ወደ ግድግዳው ሄዳ ቀዩን ብስክሌት ከመንጠቆው አወረደች። የፊት ጎማውን በቀስታ አሽከረከረችና አቆመችው። ከሽቦዎቹ መሐል አንዲት ጥቁር ማግኔት ነበረች።

«መቁጠሪያ በሕይወቱ አስሮ የማያውቅ ሰው ማግኔት ምን ይሠራለታል?»

አልጋ ወራሹ ብስክሌቱን ሳይሆን አባቱን አየ።

«የአንተ ጎማ ነው የተነፈሰው» አለችው መርፌ። «ጠራኸው፤ ቀድሞህ ወርዶ ነበርና ዳገቱን ተመልሶ መጣ። ሲያገለግልህ የኖረ ሰው ነው፤ እግሩ ሳይጠይቀው ይመለሳል። ደህናውን ጎማ ከራሱ ፈትቶ አሰረልህ። የተነፈሰውን የራሱ ላይ አስገብቶ ሊያጠብቅ አፋፉ ዳር ሲያጎነብስ ገፋኸው። ብስክሌቱንም አስከትለህ ወረወርከው።»

አልጋ ወራሹ ተነስቶ ቆመ። ፊቱ ላይ ሐፍረት አልነበረም፤ ንዴት ብቻ።

«"ከእንግዲህ ጎማህን ራስህ መቀየር ልመድ" አለኝ» ሲል ጮኸ። «እየሳቀ! የኔን ነፋስ እየሰበረ እንጀራ የበላ ሰው! ያቺ ደግሞ ላይ ሆና ስቃብኛለች። በአንድ ቀን ስንቱ ይሳቅብኛል?»

«ዝም በል!» አሉ አሠልጣኙ።

«እርስዎም ይድረስዎት» አለች መርፌ ወደ እሳቸው ዞራ። «የፍሬን ሽቦ ቀጭን ናት። ብስክሌቱ ቁጥቋጦ ውስጥ ነበር። ከመንገድ ሆኖ መቆረጡን ማየት አይቻልም፤ እርስዎ ግን ሲደውሉ ተናግረዋል። ወርደዋል። በመኪናዎ ፒንሳ ሽቦውን ቆርጠው ነገሩን ወደ ወንድሙ አዞሩት። ሲወርዱ ደግሞ አልሞተም ነበር። አፉን ያጠበው ማን ነው?»

አሠልጣኙ ወንበሩን ተደገፉ።

«ውሃ ጠየቀኝ» አሉ። «ሰጠሁት።»

«ከዚያስ?»

«አጠገቡ ተቀመጥኩ። ልጄ ታች "ገፋሁት" ብሎኝ ነበር። ምን ላድርግ? አንድ ልጅ ነው ያለኝ። ነፍሱ እስክትወጣ ጠበቅኩ፤ ከዚያ ደወልኩ።»

መካኒኩ በካቴናው ውስጥ እጆቹን ጨብጦ ወደፊት ተራመደ። ሳጅኑ ትከሻውን ያዘው።

«ምን አለ?» አለ መካኒኩ። «ጋሼ፣ ይንገሩኝ። ወንድሜ ምን አለ?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አልጋ ወራሹ በሰላም ወረደ ወይ አለኝ። ጎማውን በጥድፊያ ነው ያሰርኩለት፣ እንዳይላላበት ፈራሁ አለ። ስለ ራሱ ደግሞ... አዳልጦኝ ነው አለ።»

«አዳልጦኝ?» አለች መርፌ።

«ከኋላ ነዋ የገፋው። አላየውም።»

መርፌ ወደ ወንበራቸው ተጠጋች። ከዚያ አንድ በአንድ፣ እንደምትሰፋ ሰው፣ ቃሎቹን አስገባቻቸው።

«እንግዲያው ቢያድኑት ኖሮ ልጅዎን የሚከስ ሰው አልነበረም። ይተርፍ ነበር፤ አዳልጦኝ ነው ይል ነበር፤ ልጅዎም ዛሬ እቤቱ በሆነ። ልጅዎን ነፍሰ ገዳይ ያደረጉት እርስዎ ነዎት።»

አሠልጣኙ አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ድምፅ ቃል አልነበረም። አልጋ ወራሹ አባቱን ከላይ እስከ ታች ገላመጣቸውና «እኔስ ተወው፣ አትውጣ ብዬህ ነበር» አላቸው። አባትና ልጅ በተለያየ በር ተወሰዱ።

ሳጅኑ የመካኒኩን ካቴና ፈታለት። መካኒኩ የእጁን አንጓ እንኳ ሳያሽ ወደ መርፌ ቀረበ።

«እኔ እንዳልሆንኩ መቼ አወቅሽ?»

«ገደሉ ውስጥ። በመጀመሪያው ቀን።»

«ታዲያ ለምን አሰርሽኝ? ቀብሩን እንኳ ለምን ከለከልሽኝ?»

«ሌላ ሰው ታስሮ እያየ ጥፋተኛ ማስረጃ አያጠፋም። አንተን ባላስር ያ ጎማ ዛሬ ግድግዳው ላይ አይገኝም ነበር።»

መካኒኩ ፊቱን አዞረባት። ወደ ቀዩ ብስክሌት ሄዶ ተንበረከከ፤ የፊት ጎማውን አላቀቀ፤ ሳይቸኩል፣ በለመደው እጁ። አቅፎት ተነሳና ወደ በሩ አመራ። ጋዜጠኛዋ አለቀሰች። ሳጅኑ መንገድ ለቀቀለት።

«ማስረጃ ነው» አለች መርፌ። «አስቀምጠው።»

በሩ ላይ ቆመ። «እሱ ያሰረው ነው» አለ። «የመጨረሻ ሥራው ነው።»

«አውቃለሁ። አስቀምጠው።»

ትንሽ እንደ ቆመ ተመለሰና ጎማውን ወለሉ ላይ አጋደመው።

«መቼ ትመልሱልኛላችሁ?»

«ሲፈረድ» አለችና ሳጅኑን ጎማውን እንዲያሽግ አዘዘችው።