መዶሻው የነበረበት ቦታ

ልጅቷ የአባቷን የሥራ ክፍል ቁልፍ ለኤሌክትሪሻኑ የሰጠችው ጣራው ስላፈሰሰ ብቻ ነበር። «አንዷን ቆርቆሮ ምታልኝና ዝጋው። ሌላ ነገር እንዳትነካ» አለችው። ከአባቷ ጋር አጎቷን ጠይቀው በሁለት ቀን እንደሚመለሱም ነገረችው። ውሸቷን ነው። አባቷን ወደ ዓይን ሐኪም ልትወስድ ነበር።

አባትየው አናጢ ናቸው። ከቤታቸው ጓሮ ባለችው ክፍል ሠላሳ ዓመት እንጨት ሲልጉ ኖረዋል። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ግን ዓይናቸው ከጥላ በቀር አይለይም። ይህን የምታውቀው ልጃቸው ብቻ ናት፤ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል አስምለዋታል። ሜትሩን እሷ ታነብላቸዋለች፣ የቀረውን እጃቸው ያውቀዋል። መዶሻው ከበሩ ሦስት እርምጃ ላይ፣ መሮዎቹ በአሮጌ የቀለም ጣሳ ውስጥ፣ መላጊያው ከጠረጴዛው እግር ሥር ነው። ሌላ ሰው ቢያየው ዝርክርክ ያለ ቤት ነው የሚለው።

ኤሌክትሪሻኑ ወደዚያ ቤት መጀመሪያ የመጣው የተቃጠለ መብራት ሊሠራ ነበር። መሰላሉን ያዘችለት። ቁልቁል አያትና ሽቦውን ረሳ፤ እሷም ቀና ብላ አየችውና መሰላሉን ረሳች። አንገቱን ሳይሰብር የወረደው በዕድሉ ነው። ከዚያ ወዲህ የዚያ ቤት መብራት መበላሸቱን አላቆመም።

አባትየው ግን ቁርጡን ነገሩት። «እንጨት የማይወድ ሽቦ ጎታች ልጄን አያገባም።»

እንግዲህ ቁልፉ እጁ ሲገባ ምን ያድርግ? መውደዱን ሊያሳያቸው ሥራውን ጥሎ ሁለት ቀን ሙሉ ለፋ። ግድግዳውን ቀባ። መሣሪያውን ሁሉ በየመጠኑ ግድግዳው ላይ ሰቀለ። ምስማሩን ለይቶ በየመሳቢያው ከተተ። ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አዞረ። አራት ትልልቅ አምፖሎችም አበራ።

አባትና ልጅ ከሐኪሙ ተስፋ ቆርጠው ተመለሱ። በማግስቱ ጠዋት አባትየው እንደ ልማዳቸው ብቻቸውን ወደ ሥራ ክፍላቸው ገቡ። በር ያዘዘ አንድ ደንበኛ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ኤሌክትሪሻኑም ሲደሰቱ ለማየት ከጎኑ ቆሟል።

ልጅቷ ስትደርስ አባቷ እጃቸውን ዘርግተው አየሩን ይዳብሳሉ። ሦስት እርምጃ ሄዱ፤ መዶሻ የለም። ሲዞሩ ጠረጴዛው ወገባቸውን መታቸው። ሊደገፉ ሲሉ እጃቸው የተሰቀለው መጋዝ ላይ አረፈና ደማ።

«ልጄ፣ የማን ቤት ነው ያስገባሽኝ?» አሉ።

ደንበኛው ነገሩ ገብቶት አቀርቅሮ ወጣ። የኤሌክትሪሻኑ ፊት አመድ መሰለ።

«ጋሼ፣ እንደነበረ እመልሰዋለሁ» አለ።

ሦስት ቀን ሞከሩ። እሱ ምን የት እንደነበረ አያስታውስም፤ እሷም በዓይኗ እንጂ በእጇ አታውቀውም። ስንዝር በሳቱ ቁጥር አባትየው «እዚህ አልነበረም» ይላሉ። በሦስተኛው ቀን መዶሻውን ለኤሌክትሪሻኑ አስጨበጡት።

«በቃ ተዉት፣ እኔ ጨርሻለሁ። አንተ ልጅ፣ ለሰው ትለፋለህ። እሷንም አግባት፣ ቤቱንም ውሰደው።»

ሁለቱም ይህን ቃል ስንት ጊዜ ተመኝተውታል። አሁን ግን ልጅቷ መዶሻውን ከኤሌክትሪሻኑ እጅ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እስከ ውጭው በር ሸኘችው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አላት።

«የኔ ነው። ብነግርህ ኖሮ አትነካውም ነበር።»

«ታዲያ ፈቀዱልን እኮ።»

«አባዬ ስላበቃለት ነው የፈቀደው። አንተን ባየሁ ቁጥር እዚያ ክፍል አየሩን ሲዳብስ ነው የሚታየኝ። እወድሃለሁ፤ አብሬህ ግን መኖር አልችልም።»

በሩን ራሱ ከፈተ። ከዚያ ሄደ፤ እሷም አልጠራችውም።

አባትየው አሁን ቀኑን በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነው የሚያሳልፉት። ኮቴ በሰሙ ቁጥር ቀና ይላሉ።

«ልጁ ነው?»

«መንገደኛ ነው፣ አባዬ።»

«ከጠፋ ሰነበተ። በኔ ምክንያት ተጣላችሁ እንዴ?»

«ኧረ አልተጣላንም። ሥራ በዝቶበት ነው፤ ነገ ይመጣል» ትላቸዋለች። እንባዋ እንደ ልቡ ይወርዳል፤ ድምጿ ግን ደህና ነው።